ማሽኑ ዜሮ ሲል፦ የዴሪቬቲቭና የመሣሪያዎቹ ታሪክ

(በንፋስ መውጫ ከተማ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



ወደ መድረኩ ከመውጣቴ በፊት ግራፍ የሚሠራ ካልኩሌተር በእጁ ይዞ የሚያውቅ ካለ እጁን እንዲያወጣ ጠይቄ ነበር። ሁለት እጆች ብቻ አየሁ፤ ሁለቱም የመምህራን ናቸው። ታዲያ አብዛኞቻችሁ ስለማታውቁት ዕቃ ታሪክ ለመናገር እስከዚህ ድረስ መምጣቴ ለምንድን ነው? በመምህራን ክበብ ውስጥ ለዓመታት የሰማሁት አንድ ክርክር ስላለ ነው። አንደኛው ወገን «መሣሪያው የሌለው ተማሪ መሣሪያው ካለው ተማሪ ጋር ሊወዳደር አይችልም፤ እኛ ገና ከመነሻው ተቀድመናል» ይላል። ሌላው ወገን «መሣሪያው ጭንቅላትን ያደነዝዛል፤ አለመኖሩ እሰየው» ይላል። ሁለቱም ወገኖች የማይጠይቁት ጥያቄ አለ፤ ማሽኑ ዴሪቬቲቭን ሲያወጣ በውስጡ የሚሠራው ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ወደ ታሪክ መመለስ ያስፈልጋል፤ መልሱም ብዙዎቻችንን ያስደንቃል ብዬ አስባለሁ።

ዴሪቬቲቭ የሚለውን ቃል እንዳለ እወስደዋለሁ። ሂሳብን በታችኛው ደረጃ በአማርኛ ተምረን በላይኛው ደረጃ በእንግሊዝኛ ስለምንማር፣ ቃሉ ጫማውን ሳያወልቅ ቤታችን ገብቷል። ነገሩን ግን በአማርኛ መናገር ይቻላል። ከወረታ ተነሥታችሁ በደብረ ታቦር በኩል፣ «የቻይና መንገድ» በምንለው ጎዳና ወደዚህ የመጣችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ንፋስ መውጫ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ከ110 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የከፍታውን ልዩነት ለርቀቱ ብናካፍለው፣ መንገዱ በየመቶ ሜትሩ አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ይላል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ጭነት ይዞ ዳገቱን ለሚወጣ የአይሱዙ ሾፌር ብትነግሩት ይስቅባችኋል። አማካዩ እውነት ነው፤ ሾፌሩም እውነቱን ነው። እርሱ የሚያውቀው ጎማው አሁን በቆመበት ቦታ ያለውን ዳገት ነው። አማካዩን ዳገት ከሁለት ነጥቦች እናገኘዋለን። የአንዷን ነጥብ ዳገት ለማግኘት ግን ሁለተኛዋን ነጥብ እያቀረብን፣ እያቀረብን፣ ሬሾው ወደ አንድ ቁጥር እየተጠጋ መሄዱን መመርመር አለብን። ያ ቁጥር ካለ ስሙ ዴሪቬቲቭ ነው። «ካለ» የምትለውን ቃል ያዙልኝ፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

ይህን ሐሳብ በአውሮፓ ሁለት ሰዎች በየራሳቸው መንገድ ደረሱበት። እንግሊዛዊው ኒውተን ከእንቅስቃሴ ተነሣ። ጀርመናዊው ላይብኒዝ የተነሣው ከቁጥሮች ልዩነት ነው፤ ለዛሬው ጉዳያችን የሚበጀንም እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1672 ፓሪስ ሳለ ሆላንዳዊው ሊቅ ሃይገንስ አንድ የድምር ጥያቄ ሰጠው፤ ማለቂያ የሌላቸውን ክፍልፋዮች መደመር ነበር። ላይብኒዝ እያንዳንዱን ክፍልፋይ የሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ልዩነት አድርጎ ጻፈው፤ መካከለኞቹ እርስ በርሳቸው ተጣፉና ድምሩ በእጁ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ልዩነትና ድምር የአንድ ነገር ሁለት ፊት መሆናቸው ከአእምሮው አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1684 ያሳተመው የካልኩለስ ጽሑፉ የዚያ ፍሬ ነው። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1673 መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል እንዲችል የነደፈውን ገና ያላለቀ ማሽን ለንደን ውስጥ አሳይቷል። እንግዲህ ዴሪቬቲቭና ካልኩሌተር ከመጀመሪያው በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው ነበር።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ብወጣ ይቅርታ ታደርጉልኛላችሁ። ላይብኒዝ ለዓመታት ደብዳቤ ከተጻጻፋቸው ሊቃውንት አንዱ ኢዮብ ሉዶልፍ ነው። ሉዶልፍ ግእዝንና አማርኛን በጥልቀት የተማረው ከእኛው ሰው፣ ከአምሓራው መካነ ሥላሴ ከተነሡት ከአባ ጎርጎርዮስ ሲሆን፣ አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄደው አስተምረውታል። ስለዚህ የካልኩለሱ አባት ከአባ ጎርጎርዮስ ተማሪ ጋር ስለ ቋንቋዎች ይጻጻፍ ነበር ማለት ነው። ከዚህ ተነሥቶ አባቶቻችን ካልኩለስን ከኒውተን በፊት ያውቁ ነበር የሚል ሰው አይጠፋም፤ እኔ እንዲህ አልልም፤ ማስረጃም የለኝም። የምለው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ግን እርግጠኛ የምሆንበት ነው።

ጋይንት የትምህርት አገር ነው። የድጓው ማስመስከሪያ ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባ እዚሁ ናቸው። በእንዲህ ዓይነት ጉባኤ ቤቶች ውስጥ ያለፈ የባሕረ ሐሳብ ተማሪ አበቅቴን እንዴት ያወጣል? ዓመተ ዓለሙን ለ19 ይገድፋል፤ ከቀሪው አንድ ቀንሶ ወንበሩን ያገኛል፤ ወንበሩን በ11 አባዝቶ ለ30 ይገድፋል። በ2017 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7517 ነው፤ ለ19 ሲገደፍ 12 ይቀራል፤ ወንበሩ 11 ነው፤ 11 ጊዜ 11፣ 121፤ ለ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑም 29። ማባዛት የሰለቸው ተማሪ ግን ሌላ መንገድ አለው። አበቅቴ በየዓመቱ 11 ይጨምራል፤ 30 ሲሞላ 30ውን ይጥላል። 11፣ 22፣ 3፣ 14፣ 25፣ 6 እያለ ይቀጥላል። ልዩነቱን ካወቀ ሰንጠረዡ ሁሉ በመደመር ብቻ ይወጣለታል። ይህ ዴሪቬቲቭ አይደለም፤ የዴሪቬቲቭ እናት ነው።

እንግሊዛዊው ባቤጅ እ.ኤ.አ. በ1822 ያስተዋወቀው «የልዩነት ማሽን» የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። በዚያ ዘመን መርከበኛውም መሐንዲሱም የሚሠራው ሰዎች በእጃቸው ባሰሉት ሰንጠረዥ ነበር፤ ሰንጠረዡም ስሕተት የሞላበት ነበር። ባቤጅ ያስተዋለው ቀላል ነገር ነው። 1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 25 ብላችሁ ካሬዎችን ጻፉ፤ ልዩነታቸው 3፣ 5፣ 7፣ 9 ነው፤ የልዩነቶቹ ልዩነት ሁልጊዜ 2 ነው። ስለዚህ መደመር ብቻ የሚችል ማሽን የካሬን ሰንጠረዥ ያለ ስሕተት ሊያወጣ ይችላል። ማሽኑን በሕይወቱ ሳለ አልጨረሰውም፤ የለንደን የሳይንስ ሙዚየም የኋለኛውን ንድፉን እ.ኤ.አ. በ1991 ሠርቶ ትክክል መሆኑን አሳየ።

የእኔ ትውልድ ዴሪቬቲቭን ያገኘው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በደርግ ዘመን፣ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር የነበረን መሣሪያ ባለአራት አሃዝ የሎጋሪዝም ሰንጠረዥ ነበር፤ እርሱንም ሦስት አራት ሆነን ነበር የምንካፈለው። የሚገርመው፣ ያ ሰንጠረዥ በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለውን ዋጋ ለማውጣት በዳር በኩል የልዩነት ዓምድ ነበረው። ዓምዱን በጣታችን እየተከተልን ስንደምር፣ በትንሽ ርቀት ላይ ማንኛውም ኩርባ ቀጥ ያለ መስመር ይመስላል የሚለውን የካልኩለስ እምብርት እየተጠቀምን ነበር፤ ይህ ነው ብሎ የነገረን ግን አልነበረም።

ግራፍ የሚሠራው ካልኩሌተር ወደ ገበያ የወጣው እኛ በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ስናፈጥ ነው። ካሲዮ ኤፍኤክስ-7000ጂ እ.ኤ.አ. በ1985 ወጣ፤ መስኮቱ ወደ ጎን 96፣ ወደ ላይ 64 ነጥብ ብቻ ነበረው። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲአይ-81 በ1990፣ ቲአይ-83 በ1996 ተከተሉት። በአሜሪካ የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የካልኩለስ ፈተና ከ1995 ጀምሮ መሣሪያውን ይዞ መግባትን ግድ አደረገ። በእኛ አገር ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ላይ ካልኩሌተር ማንኛውም ዓይነት ቢሆን ክልክል ነው። አንድ ዓይነት ዴሪቬቲቭ፣ ሁለት ተቃራኒ ሕግ።

እኔ ቲአይ-83ን ያገኘሁት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ውጭ አገር ስማር ነው፤ ያገለገለ ገዝቼ ይዤው ተመለስሁ። በውስጡ «ኤንዴሪቭ» የምትባል ትእዛዝ አለች። ፋንክሽኑንና ነጥቡን ትሰጧታላችሁ፤ ቁጥር ትመልሳለች። እንዴት? ከነጥቡ 0.001 ወደ ቀኝ፣ 0.001 ወደ ግራ ትሄዳለች፤ የሁለቱን ዋጋዎች ልዩነት ለ0.002 ታካፍላለች። ሌላ ምንም የለም። ሊሚት አትወስድም፤ የዴሪቬቲቭ ሕጎችንም አታውቅም። የኤክስ ካሬን ዴሪቬቲቭ በ3 ላይ ብትጠይቋት፣ 3.001 ሲካረን 9.006001፣ 2.999 ሲካረን 8.994001፣ ልዩነቱ 0.012፣ ለ0.002 ሲካፈል 6፤ ትክክል ነው። የኤክስ ኪዩብን በ2 ላይ ብትጠይቋት 12.000001 ትላለች፤ ትክክለኛው 12 ነው፤ ስሕተቷን አንቀየማትም። አንድ ሲካፈል ለኤክስን በዜሮ ላይ ብትጠይቋት ግን፣ ፋንክሽኑ በዚያ ነጥብ ጭራሽ ዋጋ የሌለው ሆኖ ሳለ፣ ሳታፍር 1,000,000 ትላለች። ምክንያቱም ወደ ዜሮ አልቀረበችም፤ በግራና በቀኝ ቆማ ዘላዋለች።

አሁን የምነግራችሁ እኔ ስለ ሠራሁት ስሕተት ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ካልኩለስ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ «ፕላዝማ» ያለፈባቸው ናቸው። ታላላቆቻችሁ ያስታውሳሉ፤ ከ1997 ዓ.ም. አንሥቶ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርቱ በሳተላይት በቴሌቪዥን መስኮት ይተላለፍ ነበር፤ ሂሳብም አንዱ ነበር። ፕላዝማው መምህር ሊስለው የማይችለውን ግራፍ ያሳይ ነበር፤ ታንጀንቱ በኩርባው ላይ ሲንሸራተት ይታያል። ሆኖም አይቆምም። ተማሪ «ይደገም» ቢል የሚሰማ የለም፤ መምህሩም በክፍሉ ውስጥ ዳር ቆሞ ከተማሪው ጋር አብሮ ይመለከታል። ብዙ ተወቅሷል፤ ወቀሳው አብዛኛው ይገባዋል እላለሁ። ያላሰብነው ፍሬ ግን ነበረው፤ ጥቂት ተማሪዎች ያመለጣቸውን ግራፍ ማታ በደብተራቸው በቁጥር ሰንጠረዥ እንደገና መሥራት ለመዱ።

ለመንፈቀ ዓመቱ ፈተና አንድ ጥያቄ አወጣሁ፤ ኤክስ ካሬ ሲቀነስ 4፣ የውጤቱ አብሶሉት ቫልዩ፣ ዴሪቬቲቩ በ2 ላይ ስንት ነው? የመልስ ቁልፉን ያዘጋጀሁት ሌሊት ነበር፤ ደክሞኝም ነበር። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ወደ ማሽኑ አስገባሁ፤ ለዚህኛው 0.001 አለኝ። የማሽኑን የተለመደች ጥቃቅን ስሕተት ስለማውቅ፣ አዋቂ መስዬ ወደ ዜሮ አጠጋጋሁትና ቁልፉ ላይ «0» ብዬ ጻፍሁ። ግራፉን ለማየት አንዲት ቁልፍ መጫን ይበቃኝ ነበር፤ አልተጫንሁም።

ወረቀቱ ታርሞ በተመለሰ ማግሥት አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጣች። ከስማዳ የመጣች፣ በክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ነበረች። «ይቅርታ መምህር፣ ይህን ጥያቄ ደግመው ቢያዩልኝ» አለችና ወረቀቷን ዘረጋችው። «ዴሪቬቲቭ የለውም» ብላ ጽፋ ነበር፤ እኔም በቀይ ሰርዤባታለሁ። ከሥሩ ትንሽ ሰንጠረዥ ነበር። በ1.99 ላይ ዋጋው 0.0399፤ በ2 ላይ 0፤ በ2.01 ላይ 0.0401። ከዚያም በግራ በኩል ዳገትነቱ ኔጌቲቭ 3.99፣ በቀኝ በኩል 4.01 መሆኑን አውጥታ፣ አንደኛው ወደ ኔጌቲቭ 4፣ ሌላው ወደ 4 ስለሚሄድ አይገናኙም ብላለች። ማሽን አልነበራትም። በእርሳስ የሠራችው ግን ማሽኑ ከሠራው ጋር አንድ ዓይነት የመቀነስና የማካፈል ሥራ ነው። ልዩነቱ እርሷ ግራውንና ቀኙን ለየብቻ ማቆየቷ፣ ማሽኑ ደግሞ ሁለቱን አማክሎ አንድ ማድረጉ ነው። ኔጌቲቭ 3.999ን ከ4.001 ጋር ደምሩና ለሁለት አካፍሉ፤ 0.001 ይመጣል። የእኔ «ጥቃቅን ስሕተት» ይህ ነበር።

የጎጆ ክዳን አስቡ። በዚህ በኩል ወጥታችሁ በዚያ በኩል ብትወርዱ፣ ከጉልላቱ እኩል ርቀት ላይ ያሉት ሁለት ቦታዎች ከፍታቸው እኩል ነው። ማሽኑ እነዚህን ሁለት ቦታዎች ብቻ አይቶ ጫፉ ላይ ሜዳ አለ ይላችኋል። ጎጆ ከድኖ የሚያውቅ ሰው እዚያ ጫፍ ላይ እንደ ሜዳ አይቀመጥም።

በዚያው ቀን የክፍሉን ወረቀት ሁሉ መልሼ ሰበሰብሁ። ከእርሷ ሌላ አራት ተማሪዎች በትክክለኛ መልሳቸው ነጥብ ተቀንሶባቸው ነበር፤ አስተካከልሁላቸው። «0» ብለው ነጥብ ያገኙትን አልቀነስሁባቸውም፤ ጥፋቱ የቁልፉ ነበርና። ከአራቱ አንዱ «ትክክል መሆኔን አውቅ ነበር፤ ግን መምህር ይሳሳታል ብዬ አላሰብሁም» አለኝ። ይህ ንግግር ከነጥቡ ይልቅ አስጨነቀኝ፤ ዛሬም ያስጨንቀኛል። እኔ ማሽኑን ሳልጠይቅ አመንሁ፤ እርሱ እኔን ሳይጠይቅ አመነ።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያዎቹ ተለውጠዋል። ከቲአይ-83 አስቀድሞ፣ በ1995፣ የወጣው ቲአይ-92 የዴሪቬቲቭን ሕጎች በምልክት መሥራት ይችል ነበር፤ ዋጋው ግን ከተማሪ ኪስ በላይ ነበር። ዛሬ ግን ጂኦጀብራን የመሰለ ነጻ ፕሮግራም በእጅ ስልካችሁ ላይ ይጫናል፤ የዚያን ፋንክሽን ዴሪቬቲቭ በቀመር ይሰጣችኋል፤ ግራፉንም በጣታችሁ እየጎተታችሁ ታሰፉታላችሁ። ጉልላቱን አንድ ሺህ ጊዜ ብታጎሉት ጉልላት እንደሆነ ይቀራል፤ የኤክስ ካሬ ኩርባ ግን ስታጎሉት ቀጥ እያለ ይሄዳል። ይህን በዓይን ማየት ትልቅ ነገር ነው። ፕላዝማው ያልነበረውን፣ ማለትም ማቆምንና መመለስን፣ ስልኩ ሰጥቷችኋል። ስለዚህ መሣሪያው አለመኖሩ እሰየው ከሚሉት ጋር አልስማማም።

«ተቀድመናል» ከሚሉትም ጋር አልስማማም። ለዓመታት ስንጠቀምበት በነበረው የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ 2ኛው ምዕራፍ ስለ ሊሚትና ቀጣይነት ነው፤ ዴሪቬቲቭ የሚመጣው በ3ኛው ነው። ፈተናው የሚጠይቀው ሕጎቹን ስለሆነ ብዙ ትምህርት ቤት 2ኛውን ምዕራፍ በጥድፊያ ያልፈዋል። ይህን ስናደርግ ተማሪውን ራሱን ኤንዴሪቭ እናደርገዋለን፤ ቁጥር ይመልሳል፣ ቁጥሩ መኖሩን ግን አይጠይቅም። ለምክትል ርእሳነ መምህራን አንድ ነገር ለማሳሰብ ያህል፦ ያንን ምዕራፍ ለማስተማር የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ባለካሬ ወረቀትና ሁለት ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ነው። ወረቀቱና እርሳሱ አለን፤ ክፍለ ጊዜውን የሚሰጠን የእናንተ ፕሮግራም ነው።

ሰዓቴ ስላለቀ ወደ ጥያቄዎቻችሁ ከማለፌ በፊት ለተማሪዎች አንድ ሥራ ሰሌዳው ላይ ትቼላችኋለሁ። የኤክስ ኪዩብ ሩት ዴሪቬቲቭ በዜሮ ላይ። ከዜሮ 0.001 ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሄዳችሁ እንደ ማሽኑ አስሉ፤ 100 ታገኛላችሁ። ከዚያ ርቀቱን ወደ 0.000001 አሳንሱት፤ አሁን 10,000 ይሆናል። ቁጥሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ፣ ይህ ነጥብ ከጎጆው ጉልላት በምን እንደሚለይ፣ ግራፉንም በእጃችሁ ስላችሁ፣ ነገ ጠዋት ለየመምህሮቻችሁ አሳዩ። ጥያቄ ያላችሁ መቀጠል ትችላላችሁ።